ሁለቱ የልጄ ራጆች

ልጄ ማሳል የጀመረችው ክረምት ሲገባ፣ ትምህርት እንደተዘጋ ነው። መርካቶ እህል በረንዳ አብራኝ ትውል ነበር፤ እኔ እሸጣለሁ፣ እሷ ጤፍ ትነፋለች። ወር ሙሉ ሳለች። ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልዘለቅኩም፤ አልቆም ያለ ሳል ምን እንደሚያመጣ ግን አውቃለሁ። እናቴን የወሰዳት ቲቢ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ሰፈራችን ካለ አሮጌ ክሊኒክ ነው። ራጃቸው በፊልም የሚያነሳው የድሮው ነው። አንዴ አነሷት፣ ፊልሙ ጠቆረ። ደገሟት። ሁለተኛው ወጣ፤ ግን በቀኝ ትከሻዋ በኩል፣ ሳንባዋ ጫፍ ላይ፣ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለበት። ሐኪሙ መስኮቱ ላይ ይዞ አየውና፣ "የሆነ ነገር አለ። ፊልሙም ጥሩ አይደለም። ነገ እንደገና ትነሳ" አለኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ! ራጅ ጨረር ነው፣ ሲበዛ ይጎዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ልጄ ስንት ጨረር ትጠጣ? ፊልሙን ተቀብዬ ወጣሁ።

መርካቶ ራጅ የማያነብ ሰው የለም። ከሱቃችን የተጎራበተ፣ ባቄላና ምስር የሚሸጥ፣ ጋሼ የምለው ሰው አለ፤ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። ፊልሙን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ብዙ አየ።

"የኔ እህት፣ እኔ የሚታየኝ ጎድን ብቻ ነው። በግ ተራ ብትወስጂው ይሻል ነበር" አለኝ።

እየሳቅኩ አለቀስኩ። ያኔ ቀልዱን ትቶ፣ "ስሚኝ፣ ዲጂታል ያለበት ውሰጃት። የኔን ደረት እዚያ ነው ያነሱት፤ ወዲያው በቴሌቪዥን አሳዩኝ። ጨረሩም ያንሳል ብለውኛል" አለ።

ያንሳል። እኔ ደግሞ "ያንሳል" ያለኝን ሰው መስፈሪያህን አሳየኝ ማለት ልማዴ ነው።

በማግስቱ ጋሼ ያለኝ ቦታ ሄድን። ከፊታችን የተነሳው እንደ በር የሰፋ ወዛደር ነበር፤ እሱ ሲወጣ እኛ ገባን። ራጅ የሚያነሳው ወጣት ልጄን የአንገት ሐብሏን አስወልቆ፣ "ሹሩባሽንም አናትሽ ላይ እሰሪው" አላት።

"ሁለቴ ተነስታለች" አልኩት። "ጨረሩ አይበዛባትም?"

"አይዞሽ ማዘር። ይሄ ዲጂታል ነው፤ በትክክል ከተሠራበት ከፊልሙ ባነሰ ጨረር ጥርት አድርጎ ያወጣል።"

"ቢበዛስ በምን ይታወቃል?"

"ፊልም ላይ ቢበዛ ይጠቁራል፣ ራሱ ያሳብቃል። እዚህ ግን ኮምፒውተሩ ያስተካክለዋል፤ ቢበዛም ምስሉ ያምራል።"

ደነገጥኩ። እኛ ጋ የድሮው ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ሲያጋድል ሁሉም ያየዋል። ዲጂታሉ ሚዛን ግን የፊተኛውን ደንበኛ ልክ እንደያዘ ቢቀር ማን ያያል? ለዚህ ነው ሳህኑን አውርደን፣ ዜሮውን ለደንበኛ አሳይተን የምንመዝነው። ሳያሳይ የሚመዝን ነጋዴ እህል በረንዳ ውስጥ ሁለተኛ ገዢ አያገኝም።

"አንተ ልጅ፣ ማሽኑ አሁን በወጣው ሰውዬ ልክ ላይ አይደለም ያለው?" አልኩት።

ሳቀ። "ማዘር ደግሞ!"

"ሳቅ፤ ግን አሳየኝ።"

"እማዬ፣ በናትሽ አታሳፍሪኝ" አለች ልጄ።

"ዝም በይና ፀጉርሽን እሰሪ።"

ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም። ወጣቱ ወደ ማሽኑ ዞረ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ትንሽ ነካካና ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ ጠራኝ።

"ይቅርታ እናቴ። ለትልቅ ሰው እንደተሞላ ነበር። ይኸው፣ ቀንሼዋለሁ።"

ቁጥር አውቃለሁ። ቀንሷል። "አሁን አንሳት" አልኩት።

አንዴ አነሳት፤ በቃ። ራጁን የምታነበው ዶክተር የድሮውን ፊልም መብራት ላይ ሰቅላ ከአዲሱ ጋር አስተያየችው። ፊልም አንዴ ከጠቆረ እንደጠቆረ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ግን ልጄን ሳትነካ ስታበራው፣ ስታደበዝዘው፣ ስታጎላው አየኋት። የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የምፈራው ጫፍ ላይ ስትደርስ ወደ ምስሉ ተጠጋሁ።

"ንጹህ ነው" አለች። "ፊልሙ ላይ ያለውን ነጭ ተመልከቺ፤ ከሳንባዋ አልፎ አንገቷ ድረስ ይወጣል። አንገት ውስጥ ሳንባ የለም። ያን ቀን ፀጉሯ እንዴት ነበር?"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሐኪም ፊት ስትቀርብ ታምር ብዬ፣ ያን ቀን ጠዋት ወፍራም ሹሩባ ሠርቼ በቀኝ ትከሻዋ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ። በራሴ እጅ የሠራሁትን ነበር የፈራሁት።

"ፊልምም በደንብ ቢነሳ፣ ፀጉሯም ቢታሰር ንጹህ መሆኑ ይታይ ነበር" አለች ዶክተሯ። "ለማንኛውም አክታዋ ይመርመር።" ተመረመረ፤ እሱም ነጻ ሆነ። ሳሉ የእህል አቧራ ነው፣ ከወንፊቱ ትራቅ ተባለ።

በማግስቱ አፍንጫና አፌን በሻሽ አስሬ ወንፊቱን እኔ ያዝኩ። ጋሼ ከሱቁ ሮጦ መጣ። ፊልሙን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ነጩን አሳየሁት።

"ሹሩባዋ ነው አሉ።"

"አላልኩሽም በግ ነው ብዬ? ይኸው ፀጉሩ!"

ልጄ አቧራው ከማይደርስበት ከማዶ ቆማ ምን እንደሚያስቀን ትጠይቃለች። በእጄ እዚያው ሁኚ አልኳትና ሌላ ጆንያ ፈታሁ።