ክርንሽን ከፍ አድርጊ

በደርግ ጊዜ ከአገር የወጣ ሰው ሁሉ የሚችለውን ይዞ ወጥቷል። አንዱ ወርቁን በቀሚስ ጠርዝ ሰፍቶ፣ ሌላው የቤት ካርታውን በጫማው ሶል ደብቆ። ሮም ውስጥ ፒኜቶ በሚባለው ሰፈር ያሉት አከራዬ ግን ይዘው የወጡት ሚስታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውንና ስለ ቤዝቦል ያላቸውን እውቀት ነበር። እውቀቱ ሦስት ቃል ነው፦ ክርንሽን ከፍ አድርጊ።

ጋሼ ነበር የምላቸው። አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው የአዲስ አበባ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው አስመራ በነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር የሣር ማጨጃ እየጠገኑ፣ ወታደሮቹ ሲጫወቱ በሽቦ አጥር ቀዳዳ ያዩ ነበር። ኋላ አዲስ አበባ ጋራዥ ከፈቱ፤ ደርግ ሲወርሰው ወደ አባታቸው አገር መጡ። ሮም ውስጥ የሰው ጋራዥ ተቀጥረው ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ተንጋለው ይውላሉ። ጣሊያንኛቸው እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ቁጣቸው ግን አማርኛ ነበር። እኔ አንዲት ሲኞራ፣ ጣሊያናዊት እመቤት፣ ቤት እሠራለሁ፤ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ የራሴ ነኝ፤ ከጋሼ ቤት ደግሞ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ሲገባባት በሯ የማይከፈት ክፍል ተከራይቻለሁ።

ልጅቱ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እናቷ እሑድ እሑድ አሮጊት ስለሚያስታምሙ፣ ለሰፈሩ ልጆች የቤዝቦል ቡድን ስትጫወት ወደ ሜዳ የምንሸኛት ጋሼና እኔ ነን። ከትራሙ ሐዲድ አጠገብ ያለች፣ ሣሯ ግማሹ ደርቆ ግማሹ የተላጨ ሜዳ ነች። በቡድኑ ውስጥ ሴት እሷ ብቻ ናት። ስትሮጥ ማንም አይደርስባትም፤ ኳስ ስትይዝ ከእጇ አታመልጥም። ዱላውን ይዛ ስትቆም ግን ሌላ ልጅ ትሆናለች። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፦ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ የመታ ሜዳውን እየዞረ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ይሮጣል፣ ሦስት ጊዜ የሳተ ሄዶ ይቀመጣል። እሷ በዚያ የውድድር ወቅት እሑድ መጥቶ ሳትቀመጥ የቀረችበት ጊዜ አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ከልምምድ ስንመለስ ትራም ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በጣሊያንኛ ነገረችኝ። አሠልጣኙ፣ ልጆቹ ሚስተር የሚሉት፣ ወቅቱ ከማለቁ በፊት በእሑድ ጨዋታ አንድ ኳስ እንኳ ካልመታች ከጨዋታ አውጥቶ ነጥብ ጸሐፊ ሊያደርጋት ነው። ነጥብ የሚጽፈው እስከዚያ ድረስ እግሩ የተሰበረ ልጅ ነበር። የእሱ እግር ሊድን ነው፣ የኔ ግን ምኔ ነው የሚድነው አለችኝ። የቀሩት አምስት እሑዶች ብቻ ነበሩ።

ስለ ልጅቱ አመታት ሁሉም ሊቅ ነበር። ሚስተሩ ችግሩ ዳሌዋ ነው ይላል፤ ዳሌዋ ቀድሞ ይዞራል፣ የፊት እግሯ ከኳሷ ይሸሻል። ጋሼ ክርን ነው ይላሉ። አስመራ ላይ አንድ ቀይ ፀጉር ያለው ወታደር ክርኑን ጆሮው ድረስ ከፍ አድርጎ ሲመታ ኳሷ ከጦር ሰፈሩ ወጥታ የሰው ጣሪያ ላይ ወድቃለች፤ ከዚያ ወዲህ ክርን ሃይማኖታቸው ሆኗል። እኔም አላርፍ ብዬ ሦስተኛ ሊቅ ሆንኩ። ምን ይጎድለኛል? ልጅ ሆኜ ገና በመጣ ቁጥር ከወንድሞቼ ጋር ኳስ በዱላ ስለጋ ያደግኩ ነኝ። ሴት ልጅ ገና አትጫወትም ይባል ስለነበር የወንድሜን ኮት ለብሼ፣ ሻሼን ኪሴ ከትቼ ነበር የምገባው። የሰፈሩን ቀበጥ ወንድ ሁሉ ቁርጭምጭሚት አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት፣ ልምምዷ ከመድረሱ በፊት፣ በሕንጻው ግቢ ውስጥ የራሴን ትምህርት ቤት ከፈትኩ። ዱላችን ሲኞራዬ የጣለችው አሮጌ ጃንጥላ ነበር፤ የእንጨት እጀታው ጫፉ ላይ ቆልመም ያለ፣ ልክ የገና ዱላ። ጨርቁን ገፍፌ ጣልኩት። ኳሳችን ካልሲ ነው፤ የማን ካልሲ እንደሆነ ጋሼ እስካሁን አያውቁም። ካልሲውን መሬት ለመሬት አንከባልልላታለሁ፣ እሷ ጎንበስ ብላ ከሥር ወደ ላይ ትመታለች። ዓይንሽን ከመሬት አታንሺ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ስትመቺ አትራሪ እላታለሁ። በሁለተኛው ሐሙስ የበረኛዋን የአበባ ማሰሮ ሰበረች። ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

በዚያው ቀን ለሚስተሩ ላሳየው ጓጉቼ ወደ ልምምዱ ወሰድኳት። ወርዋሪው ደረቷ ትክክል ወረወረላት። ልጄ ጎንበስ ብላ፣ ዱላዋን መሬት አስነክታ፣ አቧራውን ጠርጋ ወደ ላይ ላከችው። ኳሷ ከራሷ በላይ አለፈች። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ሚስተሩ ባርኔጣውን አወለቀና ማን እንዳስተማራት ጠየቀ። እሷም ሳትሳቀቅ በዱላዋ ጫፍ ወደ እኔ ጠቆመች። ሰውዬው በጣም ጨዋ ስለነበር አጠገቤ ድረስ መጥቶ፣ ሲኞራ፣ በእኛ ጨዋታ ኳሷ በአየር ነው የምትመጣው አለኝ። ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? ኳስ በአየር እንደምትመጣ ሳላይ ቀርቼ አይደለም፤ ዱላ ያየ እጄ ግን ከገና ሌላ አያውቅም። ማታ ጋሼ ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁብኝ።

ያን ዕለት ግን ከውርደቴ ጋር አንድ ነገር ይዤ ተመልሻለሁ። ሚስተሩ ቀና ብላ እንድትቆም ካረማት በኋላ ልጅቱ መምታት ጀመረች። ከአሥር ኳስ ስድስቱን፣ ሰባቱን። እሑድ ሲመጣ ግን አንድም። ሐሙስና እሑድ ያው ልጅ፣ ያው ዱላ፣ ያው ሜዳ ነው። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ለማየት በዚያ እሑድ ከጋሼ ጎን መቀመጤን ትቼ፣ ጨው የነካው ግብጦ በወረቀት ይዤ ከሜዳው ማዶ ሄድኩ። ከዚያ ሆኜ ፊቷን አየሁት።

ወርዋሪው ክንዱን ሲያነሳ ጋሼ ከአጥሩ ጥግ ሆነው «ክርን!» ይላሉ። ልክ ያን ጊዜ የልጅቱ አገጭ ወደ አጥሩ ይዞራል። ለቅጽበት ነው፤ አባቷን አይታ ትመለሳለች። ስትመለስ ግን ኳሷ ደርሳለች፤ ትከሻዋ ተከፍቷል፣ ዳሌዋ ዞሯል፣ እግሯ ሸሽቷል። ሚስተሩ ዳሌ፣ ጋሼ ክርን የሚሉት ሁሉ መነሻው አገጯ ነበር፤ አገጯን የሚያዞረው ደግሞ የጋሼ አፍ። ግብጦው አፌ ውስጥ ቀረ።

አሁን ይህን ለጋሼ ማን ይንገራቸው? እኔ ታናሻቸው ነኝ፣ የቤታቸው ተከራይ ነኝ። ደግሞም እኚያ ሰው ሳምንቱን ሙሉ የሰው መኪና ሥር ከርመው፣ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ቀና ብለው የሚናገሩት እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ተንኮል መረጥኩ። ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ድርቅ ያለ ቶሮኔ ገዛሁ፤ ከማርና ከለውዝ የሚሠራ፣ ጥርስን ከጥርስ የሚያጣብቅ ከረሜላ ነው። በሚቀጥለው እሑድ፣ ልጅቱ ዱላዋን ይዛ ስትወጣ፣ ትልቁን ቁራጭ አጎረስኳቸው። ጋሼ ምስጋናቸውን በራስ ንቅናቄ ገለጹ፣ ቶሮኔውን ወደ ጉንጫቸው ገፉት፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቅ ድምፅ ክርን አሉ። የለውዝ ፍርፋሪ አንገቴ ሥር ገባ። ልጅቱ ዞረች፣ ሳተች፣ ተቀመጠች።

የመጨረሻው እሑድ መጣ። ሁለት ጊዜ ወጥታ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። ሚስተሩ የነጥብ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እርሳስ ሲቀርጽ አየሁት፤ ላለማየት ፊቴን አዞርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትወጣ እግሯን እየጎተተች ነበር። ጋሼ አጥሩን ተደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ጊዜ ምን ነክቶኝ እንደተነሳሁ አላውቅም። ዱላ አለ፣ ኳስ አለ፣ ሁለት ቡድን አለ። እንደዚያ ከሆነ ይህ ገና ነው፤ ገና ሜዳ ላይ ደግሞ ታናሽ ታላቁን፣ ሎሌ ጌታውን በግጥም ቢነካ ቂም የለም። ሮም ውስጥ፣ ያውም በግንቦት፣ ይህ ሕግ ይሠራ እንደሆነ ሳልጠይቅ እያጨበጨብኩ አወረድኩት፦

«ልጅቱ ኳስ ትይ ወይስ የአጥሩን ዶሮ?
አንዴ ዝም ቢልልን የጋሼ ጉሮሮ።»

ጣሊያኖቹ ወላጆች የአገራችን ዘፈን መስሏቸው አብረውኝ አጨበጨቡ። ጋሼ ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸው ቀይ ሥር መስሏል። ሌላ ቀን ቢሆን ያን ማታ ሻንጣዬን በር ላይ አገኘው ነበር። ግን አዲስ አበባ ያደጉ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም በገና የሰው ጌታ ሰድበው ያውቃሉ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ገናን እዚህ ድረስ ይዘሽብኝ መጣሽ አሉኝ። እውነቴን እንደሆነም ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎን ነው የምታየው» አልኳቸው። «ኳሷን አይደለም።»

ያኔ የመጀመሪያው ኳስ መጣ። ጋሼ ትንፍሽ አላሉም። ልጅቱ ግን ድምፁ ሲጠፋባት ጭራሽ ደነገጠች፤ ኳሷን ትታ ሙሉ በሙሉ ወደ አጥሩ ዞረችና አባቷን ፈለገቻቸው። ኳሷ ከኋላዋ አለፈች። አባትና ልጅ ተያዩ። እኔ በገዛ ግጥሜ ከናካቴው አጠፋኋት አልኩ።

ጋሼ ጀርባቸውን ሰጧት። አጥሩን በሁለት እጃቸው ወደ ኋላ ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ትራሙ ሐዲድ አዙረው ቆሙ። ልጅቱ ዞር ብትል የምታየው ነጭ ሸሚዝ ብቻ ነበር።

«አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ።

ሁለተኛውን ኳስ መታች፣ ግን ጫፉን ብቻ ነክታው ወደ ጎን ወጣ፤ ይህም እንደ ሳተች ይቆጠራል። አገጯ አልዞረም። ለጋሼ ነካችው ብዬ ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው ኳስ ተበላሽቶ መጣ፤ ዝቅ ብሎ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ። አእምሮ ያለው ሰው እንዲያ ያለውን ኳስ ይተወዋል፤ ሚስተሩም ተይው ብሎ ሲጮህ ሰምቻለሁ። የኔ ልጅ ግን ጉልበቷን አጠፈች፣ ጎንበስ አለች፣ ያን ጃንጥላ እንደያዘች ሁሉ ከሥር ወደ ላይ ለጋችው። ኳሷ በወርዋሪው ራስ ላይ አልፋ ሣሩ ወደተላጨው ወገን ሄደች። ልጅቱ ለቅጽበት አላመነችም፤ ከዚያ ሮጠች። ስትሮጥ ደግሞ ማንም እንደማይደርስባት ተናግሬያለሁ።

ሚስተሩ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ልጅቱ አየ፣ ከዚያ የነጥብ ደብተሩን እግሩ ለተሰበረው ልጅ መለሰለት።

ጋሼ አልዞሩም። ጩኸቱን ሰምተዋል፤ አጥሩን የያዙ ጣቶቻቸው ነጥተዋል።

«መታች» አልኳቸው።

«ደረሰች?»

«ደረሰች። ማረፊያው ላይ ቆማለች። አሁን እኮ መዞር ይችላሉ።»

ገና ሌላ የምትሮጠው አለ፣ ካየችኝ ትቆማለች አሉ። ወር ሙሉ፣ ዓመት ሙሉ የጠበቁት ነገር ከጀርባቸው እየሆነ፣ እሳቸው የሚያዩት ባዶ ሐዲድ ነበር። አንገታቸው ላይ ላብ ይሁን ሌላ ነገር እየወረደ የሸሚዛቸውን ኮሌታ አረጠበው። ስለ ግጥሙ ሳይሆን ስለዚያ ኮሌታ እስከዛሬ አፍራለሁ።

ከዚያ ፊታቸውን ሳይመልሱ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ክርኗስ?»

ክርኗ ጉልበቷ ላይ ነበር። ከዚያ በታች የሚወርድ ክርን በሕይወቴ አላየሁም።

«ልክ እርስዎ እንደሚሉት፣ ከፍ ያለ» አልኳቸው።

«አላልኩም?» አሉ፣ ለሚያልፈው ትራም።