የአባቴ አለቅነት

አባቴ በአዊ ምድር፣ ከቆሰበር ወጣ ብላ በምትገኘው መንደራችን የፈረሰኞች አለቃ ነበር። አለቅነቱ ግን ከፈረስ ሲወርድ አያልቅም። ወሰን የተጋፋ፣ ደም የተቃባ፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት፣ መጨረሻው የእኛ ግቢ ነው። እኔ የመጀመሪያ ልጁ ውሃ አቀብላለሁ እያልሁ ከጎኑ ተቀምጬ ስሰማ አደግሁ። በአዊኛ ሲያስታርቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የተቆጣውም ሰው እሱን ለመስማት ሲል ዝም ይላል።

ካረፈ በኋላ፣ አርባው በወጣ ማግሥት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። የፈለጉት ወንድሜን በአባቴ ቦታ ለመተካት ነበር። ወንድሜ ዳንግላ ሚኒባስ ይነዳል፤ «እኔ የማውቀው መሪ ነው፣ ልጓም ይዤ አላውቅም» ብሎ አሳቃቸው። ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ?»

«እኔ አስተማሪ ነኝ፣ አባባ። ደግሞም ሴት ነኝ።»

«እሱንማ እናውቃለን። አባትሽ የዳኘውን ማን ያስታውሳል ነው ጥያቄያችን።»

ሁሉንም ባይሆን ብዙውን አስታውስ ነበር። እሺ አልሁ።

የመጀመሪያዎቹ ባለጉዳዮች ከአዲስ ቅዳም በኩል የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ለከሰል ወሰን ላይ የተከሉት ዛፍ ለመቆረጥ ደርሶ፣ ማን ይቁረጠው ብለው ዱላ ተማዘዋል። ታላቅየው ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ሴት ፊት ቆሜ አልሟገትም።»

እኔም በአዊኛ፣ ዝግ ብዬ፣ «አባትህና አጎትህም በዚሁ መሬት ተጣልተው ነበር» አልሁት። «ያን ጊዜ አባትህ ምን ብሎ እንደታረቀ ልንገርህ?»

ቆሞ ቀረ። «ምን አለ?»

«‹ወሰኑ ላይ ያለውን ዛፍ አብረን እንቁረጥ፣ መሬቱ ላይ ያለው የውሃ ምንጭም የጋራ ይሁን› አለ። እኔ እዚሁ ነበርሁ።»

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትደርስ ታናሹ የታላቁን ጉልበት ሳመ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ሰው ይመጣል። ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ አንዱን ሽማግሌዎቹ አረሙልኝ፣ ለሁለተኛው ራሴ ባለጉዳዮቹ ቤት ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከተማ ያደገችው ልጄ አዊኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ግን ከእንግዶቹ መሀል ገብታ አንዲት ባልቴት ያሉትን አዊኛ ለማይሰማ ባለጉዳይ በአማርኛ አስረዳች። ሁለት ቃል ስታለች። ባልቴቷ አቅፈው ሳሟት፤ እኔም አላረምኋት።