በወንድሜ ሚስት ቤት የተኛሁባቸው ሳምንታት

እግሬን የሰበርኩት ላንቴ የምትባል ገጠር ውስጥ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ አርባ ምንጭ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የአባቷን የሙዝ እርሻ ልናይ ሄድን። የመስኖው ቦይ ላይ ለመሻገሪያ የተጋደመ ግንድ ነበር። እሷ አለፈች፤ እኔን አዳለጠኝ። ውሃው ጉልበት እንኳ አይደርስም፤ ግን ቀኝ እግሬ በግንዱና በድንጋዩ መሃል ተሰንቅሮ ቀረና ሰውነቴ ወደ ሌላው ጎን ወደቀ። ቁርጭምጭሚቴ ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ።

ሕክምናው አዲስ አበባ ሆነ። ቀደው ብረት አስገቡበት፣ በብሎን አሰሩት፣ እስከ ጉልበቴም ጀሶ አደረጉልኝ። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ ለስድስት ሳምንት እግሩ መሬት አይንካ፤ ስትተኛ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ጀሶው ወጥቶ በምርኩዝ መርገጥ ትጀምር።

ታላቅ ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጋቢና ውስጥ እግሬን በጆንያ ላይ አስቀምጦ ወደ አርባ ምንጭ ይዞኝ መጣ። ከምዕራብ ዓባያ ወዲህ መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ስጮህ፣ እሱ በየጉድጓዱ ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር። የኪራይ ክፍሌ በላይኛው የከተማው ክፍል፣ ሼቻ ዳገቱ ላይ ስለሆነ ታች ሲቀላ ካለው ቤቱ አስገባኝ። በሦስተኛው ቀን ጭነት ተገኘና ሄደ። እኔና ሚስቱ ቀረን።

እኔና ሚስቱ አንዋደድም። የጀመርኩት እኔ ነኝ። እሷ የጨንቻ በኩል ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛ የለመደችው ካደገች በኋላ ከተማ ወርዳ ነው። መጀመሪያ ላይ አንተና አንቺ ይምታታባት ነበር። በሠርጋቸው ሰሞን ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ ወጥ እየጨመረችልኝ፣ «ብላ እንጂ፣ ምነው አልበላህም?» አለችኝ። እኔም፣ «ጢም አውጥቻለሁ እንዴ?» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ በኋላ አማርኛዋ ተስተካከለ። ጎረቤቶቿን ሁሉ አንቺ ትላለች። እኔን ብቻ፣ አውቃ፣ አንተ ትለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ።

እንግዲህ ስድስት ሳምንት የእሷ እጅ ላይ ወደቅሁ።

ከሁሉ የከፋብኝ እንቅልፍ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ በሆዴ ካልተኛሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሁን ግን በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ እግሬ ተሰቅሎ፣ ጣሪያውን እያየሁ መዋል ማደር ሆነ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የሲቀላን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጀሶው ውስጥ ላብ ይወርዳል፣ ያሳክካል፣ መግቢያ የለውም። አንድ ቀን በሹራብ ሠሪዎች ኪሮሽ ልፎክተው ስል አየችኝና ነጥቃኝ ሄደች። «ቆዳውን ቀደህ ቢመግል ለወንድምህ ምን እላለሁ?» አለች።

እግሬን ያሳረፍኩት በሁለት ትራስ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን መጥታ ከሥሩ መዘዘችው።

«ይሄ የኔ ነው።»

«ሐኪሙ ከፍ ይበል ብሏል እኮ።»

«ከፍ ይላል» አለችና በደረቀ የሙዝ ቅጠል የታጨቀ ጆንያ አምጥታ ከሥሩ ገፋችልኝ። ከፍታው ልክ ነበር፤ ያንን አልክድም። ግን በትንሹ ስነቃነቅ ይንኮሻኮሻል። ከመጋረጃው ወዲያ ሆና፣ «አሁንም አልተኛህም?» ትለኛለች። እንዳትሰማኝ ብዬ እንደ ሬሳ ተጋድሜ አድራለሁ። ወገቤ ይቆረጣል። እንቅልፍ የሚወስደኝ ቀን ነው፤ ቀን ደግሞ ጠያቂ አለ።

ጠያቂዎቹንም ጠላኋቸው። አንዷ ጸበል ይዛ መጥታ ጀሶው ላይ ልታፈሰው ስትል በጩኸት አስቆምኳት። ሌላዋ፣ «ብረት ነው ያስገቡበት? ታዲያ አይዝግም?» ብላ ጠየቀችኝና ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ስለ ዝገት ሳስብ ሰነበትኩ። ሁሉም ሲወጡ የወንድሜን ሚስት ይመርቋታል። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጣት ነበር!» ይሏታል። እሷም አቀርቅራ ምርቃቱን ትቀበላለች።

እውነቱን ለመናገር ምግብ አልከለከለችኝም። ኩርኩፋውን፣ የበቆሎ ዱቄት ድብልብሉን፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር በሰዓቱ ታመጣለች፤ ሳታናግረኝ አስቀምጣ ትሄዳለች። የሚያዋርደኝ ፖፖው ነበር። ሽንት ቤቱ ግቢው ጫፍ ስለነበረ ሁሉን ነገር አልጋ ላይ ነው የማደርገው። እሷ ፖፖውን ስትወስድ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍታለች፤ ጎረቤት ባለበት በግቢው መሃል ይዛው ታልፋለች። ማታ ማታ ክርስቲያን እንዳልሆንኩ ሁሉ እንድትወድቅ እመኝ ነበር።

ስድስቱ ሳምንት አልቆ ጀሶው ወጣ። የወጣው እግር የኔ አልመሰለኝም። ባቱ ሟሟ፣ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ተላጠ፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይም ወደ ታችም አልታዘዝ አለ። በጎን በኩል ጠባሳው ቀልቶ ተጋድሟል። መሬት ላይ ላሳርፈው ስል ያ የላንቴው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። እግሬን መልሼ አነሳሁት።

ከዚያ ዋሸሁ። «ሐኪሙ ሌላ አንድ ወር ተኝተሽ ቆዪ ብሏል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ፖፖውን አንስታ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ከገበያ ተመልሳ የሐኪሙን ወረቀት ደረቴ ላይ ወረወረችው። ከፍራሼ ሥር እንዴት እንዳወጣችው አላውቅም።

«አስነበብኩት» አለች። «ማንበብ ባልችልም የሚያነብልኝ አላጣም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው ያነበበው። ይርገጥ ይላል። ካልረገጠ እንደዚሁ ደርቆ ይቀራል አለ።»

«ያመኛል።»

«ይመምህ! ከነገ ጀምሮ ፖፖ አልይዝም። ሽንት ቤቱ እዚያ ነው።»

«ለወንድሜ እነግረዋለሁ።»

«ንገረው። እኔ ደግሞ እንደዋሸህ እነግረዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ፖፖው ከአልጋው ሥር አልነበረም። ጠራኋት። ደጅ ልብስ ማጠቧን ስትቀጥል ይሰማኛል። እንዳላለቅስ ከንፈሬን ነክሼ ሁለቱን ምርኩዞች ብብቴ ሥር አስገባሁ። ከበሩ ስወጣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋው። ማታ ዘንቦ ስለነበረ ግቢው ጭቃ ነው። አምስት ስድስት እርምጃ እንደሄድኩ አንዱ ምርኩዝ ተንሸራተተና በጎኔ ወደቅሁ።

የወንድሜ አከራይ የሆኑት አሮጊት፣ «ውይ በሞትኩት!» ብለው ሊያነሱኝ ሲሮጡ፣ እሷ በአረፋ እጇ ክንዳቸውን ያዘች።

«ይተዉት እማማ። ራሱ ይነሳል።»

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ አንቺ ልጅ?»

«ይነሳል እኮ።»

ያን ጊዜ የጠላኋትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ሰደብኳት፤ የትውልድ አገሯን ሳይቀር። አስተማሪ የማይናገረውን ተናገርኩ። እሷ ልብሱን መጭመቅ ቀጠለች። ስድቡ ሲያልቅብኝ በጉልበቴ ተንበረከክሁ፣ በምርኩዙ ተደገፍኩ፣ ሳላስበው ደግሞ የታመመውን እግሬን ተከልኩት። ከተረከዜ እስከ ጉልበቴ እሳት ወጣ። ነገር ግን አልተሰበረም። ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ሄድኩ፤ ስመለስም አልወደቅሁም።

በየቀኑ እንዲያ ሆነ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ነጠላዬን በእግሬ መዳፍ ሥር አዙሬ ወደ ራሴ እጎትታለሁ፤ የቢራ ጠርሙስ መሬት ላይ አስቀምጬ በውስጥ እግሬ አንከባልላለሁ። ይህን ያሳየኝ ድሬሰሩ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ። ማን እንደላከው አልጠየቅሁትም። በሁለተኛው ሳምንት አንዱን ምርኩዝ ተውኩ፣ በአራተኛው አስፋልቱ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በዚያው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብዬ ስነቃ በጎኔ ተጠምዝዤ ተኝቻለሁ፤ ምራቄ ክንዴ ላይ ደርቋል፣ ፀሐይ ጠልቃለች። ማንም አልቀሰቀሰኝም።

ወንድሜ ሲመጣ ስሄድ አይቶ አለቀሰ። «እሷ ናት ያዳነችሽ» አለኝ። እኔም «እንዴት እንዳዳነችኝ ጠይቃት» አልኩት፤ አልጠየቃትም።

ወደ ክፍሌ የምመለስ ቀን እሷ ኩሽና ደጃፍ በርበሬ ትለቅም ነበር። አጠገቧ ቆሜ ብዙ ነገር ልናገር አስቤ ነበር፤ የወጣልኝ ግን፣ «በጭቃው ቀን ለተናገርኩት ይቅርታ» የሚል ብቻ ነው።

«ሰምቻለሁ» አለች፤ ቀና አላለችም። «ያን ሁሉ የሠራሁት ለወንድምህ ነው። አንተን አልወድህም።»

«እኔም» አልኳት።

ያን ያህል እውነት ከዚያ በፊት ተነጋግረን አናውቅም። ዕቃዬን ወንድሜ በጋሪ አስጭኖ ቀድሞ ሄደ። ነይ ውጪ ቢለኝም ጋሪ ላይ አልወጣም ብዬ የሼቻን ዳገት በእግሬ ያዝኩት። አራት ጊዜ አረፍኩ። ሦስተኛው ላይ አንድ ተማሪዬ አየኝና ደብተሩን ደብቆ ወደ ሌላ መንገድ ታጠፈ፤ የቤት ሥራ የምጠይቀው መስሎት መሆን አለበት። ስደርስ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ጫማዬን ማውለቅ አቃተኝና ወንድሜ በቢላ ቀደደልኝ።