በቀብር ላይ ያነበብኩት ጨጓራ

«በቤተሰባችሁ የጡት ካንሰር የነበረበት ሰው አለ?» ሲላት ሐኪሙ፣ የአክስቴ ልጅ «ኧረ የለም! እናቴ የሞተችው በጨጓራ ነው» አለችው።

እኔ ወለሉን አየሁ።

ዛሬ ጠዋት ነው፣ እዚሁ መቱ ከተማ። ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ «ጋሼ፣ አብረውኝ ይሂዱ» ብላኝ ነው።

«ጨጓራ» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አክስቴ ጎሬ ላይ ስትቀበር የሕይወት ታሪኳን ጽፌ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። (መምህር ስለሆንኩ ሰው በሞተ ቁጥር ወረቀት ይዘው ወደ እኔ ነው የሚሮጡት።)

የገደላት የጡት ካንሰር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «ካንሰር ሂንጄዲን! ካንሰር እንዳትል! ነገ ሴት ልጆቿን ማን ያገባቸዋል?» አሉኝ። ልጅቷ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች።

«ባደረባቸው የጨጓራ ሕመም» አልኩ። ሰዉ «አሳምሮ ጻፈው» ሲለኝ ደስም ብሎኝ ነበር።

ዛሬ «ዶክተር፣ እናቷ የጡት ካንሰር ነበረባት» አልኩት። ሐኪሙ ጻፈውና «እህትሽም ትመርመር» አላት።

እሷ ግን እኔን ነበር የምታየው። «ወረቀቱን እኮ እስከ ዛሬ ከእማዬ ፎቶ ጋር አስቀምጬዋለሁ» አለችኝ። ውጭ ስንወጣ ደግሞ «ያኔ ለሕዝብ አንብበው የለ? ይሄንንም ለሕዝብ ይጻፉት።»

ይኸው ጻፍኩት።

ከጎሬ እስከ ሁሩሙ የሟች ታሪክ የጻፍኩላችሁ ሁሉ፣ ደውሉልኝ፤ የደበቅኩትን እነግራችኋለሁ። ሌሎቻችሁስ፣ እናንተ ቤት «በጨጓራ» የተቀበረው ማን ነው?