ጣሳ የሚንከባለልበት ግቢ

ባለፈው ክረምት አንድ እፍኝ የደረቀ በቆሎ በባዶ የወተት ጣሳ ጨምሬ፣ አፉን አሽጌ ወለሉ ላይ ለቀቅሁት። ጣሳው እየተንሿሿ ከቀኜ ወደ ግራዬ ሲያልፍ፣ የጀመርሁትን የድምፅ ቅጂ ረስቼ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ዐይነ ስውር ነኝ፤ ሥራዬም ያለ ምስል፣ በጆሮ ብቻ የሚጫወቱት የስልክ ጨዋታ መሥራት ነው። ይህን ድምፅ ግን ከእኔ አስቀድሞ ለጨዋታ ያዋለው ታላቅ ወንድሜ ይግዛው ነበር፤ ያዋለውም በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር በማይርቀው የእናታችን ግቢ ውስጥ ነው።

ዐይኔን የወሰደው ኩፍኝ ነው። ሐምሌ ሲገባ ተኝቼ፣ ነሐሴ ሲጋመስ ትኩሳቱ ለቅቆኝ ብነሣም፣ ከዚያ ወዲህ ብርሃን አላየሁም። እማየ ሐኪም ቤት አመላልሳኝ፣ በታንኳ ዘጌ ድረስ ወስዳ ጠበል አስጠምቃኝ፣ አልሆን ሲላት መደብ ላይ አስቀምጣ ከዚያ ንቅንቅ እንዳልል አስጠነቀቀችኝ። አባታችን እኔ ጨቅላ ሳለሁ ስለ ሞተ፣ ቤቱን የምታስተዳድረው ገበያ ሽንኩርት እየሸጠች ነበር፤ ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጋ ትሄድና፣ ማታ ስትመለስ ከተወችኝ ቦታ ካላገኘችኝ በድንጋጤ ትቆጣኝ ነበር። እኔም ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የጎረቤት ልጆች በጭቃው ሲሯሯጡ እያዳመጥሁ ክረምቱን ጨረስሁ።

መስከረም ጠብቶ ልጆች ሲመዘገቡ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ይግዛው እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ወሰደኝ። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ። በጆሮዬ እየተከታተልሁ ልማር እንደምችል፣ ነገር ግን በየቀኑ የሚያመላልሰኝ ሰው ከሌለ መንገዱን በራሴ መሻገር እንዳለብኝ፣ ይህንንም ከቻልሁ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እንደሚቀበሉኝ ነገሩን። እማየ ገበያ ትውላለች፤ ይግዛው የሚማረው በከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ በቤታችንና በትምህርት ቤቱ መካከል ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መንገድ ነበር። ፈረቃ ሲለወጥ ጡሩምባው ይነፋና ሠራተኛው ሁሉ በብስክሌት እየተግተለተለ ያልፍበት ነበር። እማየ ይህን ስትሰማ ነገሩ ያለቀ መሰላት። «ዐይኗን ወሰደብኝ፤ እግሯን ደግሞ አልሰጥም» አለች።

ይግዛው አልተከራከራትም። በማግሥቱ ዶማ ይዞ፣ ተዳፋት በነበረው ግቢያችን ከላይ ወደ ታች ሁለት ቦይ ቆፈረ፤ ረግጦ ካጠነከራቸው በኋላ ከወዲያ ማዶ ካለው ጌሾ ላይ ቃጭል ሰቀለ። ከየጎረቤቱ የለቃቀማቸው ጣሳዎች መንገደኞች ሆኑ፤ በቆሎ የያዘው ብስክሌት ነው፣ ጠጠር የያዘው ጋሪ። እሱ ከላይ ሆኖ ይለቅቃቸዋል፤ እኔ ደግሞ ሳይነኩኝ ሁለቱን ቦይ ተሻግሬ ቃጭሉን መምታት ነበረብኝ። ሦስት ነፍስ ይሰጠኝ ነበር፤ ጣሳ እግሬን በነካኝ ቁጥር አንዷን ይወስድና፣ ሦስቱም ሲያልቁ ከመጀመሪያው ደረጃ ያስጀምረኛል። ቃጭሉን በመታሁ ቁጥር ደግሞ ፍጥነቱን ይጨምርብኛል፣ ጋሪና ብስክሌቱን ያደባልቅብኛል።

ጥቅምት ላይ ወሬው ተሰምቶ የሰፈር ልጆች ዐይናቸውን በነጠላ እየታሰሩ ተራ ይጠብቁ ጀመር፤ አብዛኞቹም ሁለተኛውን ደረጃ ሳያልፉ ይወድቁ ነበር። እኔ ግን እየበረታሁ ሄድሁ። አንድ ቀን ይግዛው ምንም ያልያዘ ጣሳ በጨርቅ ጠቅልሎ ለቀቀና ቁርጭምጭሚቴን መታኝ። ተናደድሁ፤ ድምፅ የሌለው ነገር ማታለል ነው ብዬ ጮኽሁበት።

«ዘይት የጠጣ ብስክሌትም ድምፅ የለውም» አለኝ። «ደግመሽ ስሚ።»

ደጋግሞ ለቀቀልኝ። ተንበርክኬ ሳዳምጥ፣ ያም ጣሳ ቢሆን አፈሩን ገለባ ውስጥ እንዳለች አይጥ ያህል ያሻሸው ነበር። እሷን ድምፅ እስክይዛት ድረስ ሌላ ጨዋታ አልፈለግሁም። ከያዝኋት በኋላ ደግሞ፣ እውነተኛው መንገድ ዝም ያለ ስላልሆነ ልጆቹ ዳር ቆመው ድስት እየደበደቡ እንዲጮኹ ያሰብሁት እኔው ነኝ። ይግዛው ከት ብሎ ሳቀና አሁን አንቺም ጨዋታ ሠሪ ሆንሽ አለኝ።

ኅዳር ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። የቀበሌ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ መጥተው ስሙን ሲጠሩ እማየ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ አልሆነም። እሱ አንሥቶ አቀፋት፣ ከዚያም እኔ ዘንድ መጥቶ ቁጢጥ አለ። «ጨዋታውን አታቋርጪ። ከቀለለሽ አክብጂው» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ግቢያችን ጭር አለ። ልጆቹ መምጣት ተዉ፤ እማየም ቦዮቹን ባየች ቁጥር ስለምታለቅስ እደፍናቸዋለሁ ትል ነበር። እኔ ግን እሷ ገበያ ስትውል ጣሳውን ከላይ ራሴ እለቅቅና፣ እየሮጥሁ ወርጄ እፊቱ ልሻገር እታገል ነበር። አንድ ቀን ተደናቅፌ ጉልበቴ ደምቶ ሳለ እማየ ደረሰች። ጣሳዎቹን ትወረውራቸዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሽቅብ ስትወጣ ሰማሁ።

«ተነሺ» አለችኝ ከላይ ሆና። «እኔ እለቅቅልሻለሁ።»

የመጀመሪያውን ጣሳ እንቁላል የምታስቀምጥ ያህል ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። «እማየ፣ ይግዛው እንዲህ አያዘግምም» አልኋት። የሚቀጥለውን ወረወረችው። ከዚያ ወዲያ ከገበያ በተመለሰች ቁጥር፣ ሽንኩርት በሚሸት እጇ ስትለቅቅልኝ፣ እኔም ስሻገር እንቆይ ነበር።

ጥምቀት አልፎ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲከፈት ወደ መንገዱ ወጣን። እማየ ከኋላዬ ቆመች፤ ትከሻዬን ልትይዝ እጇን ዘርግታ ስትመልሰው ነጠላዋ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ጡሩምባው ተነፋ። ካቴናው የሚንቀጫቀጭ፣ ደወሉን የሚያንጫርር፣ እየተሳሳቀ የሚነዳ ሁሉ በፊቴ ያልፍ ጀመር። አልተመለስሁም። ድምፁ ሳሳ ሲል ገባሁ። መካከል ላይ ስደርስ ጎማ አሸዋ ሲያሻሽ ሰምቼ ቆምሁ፤ ነፋሱ ደረቴን ዳብሶኝ አለፈ። እንደገና ተራመድሁ፣ እግሬም ከማዶ ሣር ረገጠ።

እማየ ለመሻገር ከእኔ የበለጠ ቆየች። ስትደርስ የቀሚሴን አቧራ አራገፈችልኝ። «በይ፣ ከነገ ጀምሮ ብቻሽን ነሽ። እኔም ሽንኩርቴን ልሽጥ» አለችኝ።

ይግዛው የመጣው መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን ነው። በእግሩ መጣ፤ ቀኝ ጆሮውን መድፍ ደፍኖበት ነበር። ስለ ጦርነቱ አያወራም፤ ዛሬ ወደቡ ላይ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። የመጀመሪያውን የስልክ ጨዋታዬን እንደ ጨረስሁ የሰጠሁት ለእሱ ነበር። ድምፁ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው የሚሄድ ስለሆነ ወዲያው ተሸነፈ፤ ማዳመጫውን አውልቆ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ጨዋታውን አፈረስሁት። አብረውኝ የሚሠሩት ለጥቂት ሰው ብዬ እንዳልደክም መከሩኝ፤ እኔ ግን የሚመጣው ነገር በድምፁ መወፈርና መሳሳት በአንድ ጆሮም እንዲታወቅ አድርጌ እንደገና ሠራሁት። ይግዛው እስከ መጨረሻው ደረጃ ተጫወተው፤ ሻዩ ቀዘቀዘበት።

ዛሬ ጨዋታዬን የማላውቃቸው ልጆች በየቤታቸው፣ ማዳመጫ ሰክተው ብቻቸውን ይጫወቱታል፤ ስልኩ ስለማይደክመው እነሱ እስኪበቃቸው ይቀጥላል። ያኔ ግን የእማየ ክንድ ሲዝል ጨዋታው ያበቃ ነበር፤ ወርዳ አጠገቤ ትቀመጥና፣ ሁለታችንም እያለከለክን፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ላባችንን እስኪያደርቀው እንጠብቅ ነበር።