የተወለወለችው ሽጉጥ

ሰዉ ሁሉ ጭምቱ ይለው ነበር፤ አባቱ ብቻ ናቸው "እንጨቱ" የሚሉት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ብረት ቤት ውስጥ አሮጌ ብረት እየወለወለ ኖሯል። የሆስፒታል አልጋ፣ የቢሮ ወንበር፣ የበር እጀታ፣ ብቻ ዝጎ የመጣው ሁሉ በእሱ እጅ አልፎ እንደ መስታወት ፊት እያሳየ ይወጣል። ሰው ፊት ሲቆም ግን ሁለት ቃል ከተናገረ ሦስተኛውን ይውጠዋል።

አባትየው ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲቀሩ ያጠባቸውም ያገላበጣቸውም እሱ ነው። ሾፌሩ ታላቅ ወንድሙ በሳምንት አንዴ ብቅ ይልና፣ በር ላይ እንደቆመ "እንዴት ዋሉ አባባ?" ብሎ ይሄዳል። ሽማግሌው ታዲያ ለዚያኛው ፈገግ ይሉና የዚህኛውን ሾርባ ሸሚዙ ላይ ይደፉበታል።

"ቀዝቅዟል እኮ! አንተን የወለድኩ ቀን ምን ነክቶኝ ነበር?"

ጭምቱ ሸሚዙን ይቀይርና ሾርባውን አሙቆ ይመለሳል።

ሊሞቱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሁለቱንም ጠሩ። ቤቱም ዕቃውም ለታላቅየው ሆነ። ከዚያ ከፍራሹ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አስወጡና "ይቺ ደግሞ ለእንጨቱ" አሉ። የወጣትነታቸው ሽጉጥ ናት። ጥይት ካለቀባት ስንት ዘመኗ! ሾፌሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኛት ኖሯል፤ አንድም ቀን አስነክተውት አያውቁም።

"ለእሱ? ይሄ እኮ ድመት ሲያይ የሚደነብር ሰው ነው!"

"ለዚያ ነዋ" አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። "አንተማ የመቃብሬ አፈር ሳይደርቅ ትሸጣታለህ።"

ለስድብም ትሁን ለምርቃት፣ ጭምቱ ከአባቱ እጅ የተቀበላት የመጀመሪያዋ ስጦታ ናት። ከእሷ ሌላ ምንም አልነበረውም። በማግስቱ ቢቀሙኝስ ብሎ ሌሊቱን ብብቱ ውስጥ ይዟት አደረ።

ከቀብሩ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ጣቱን ከቃል ቃል እያስኬደ አነበበ። ያልተመዘገበ መሣሪያ የወረሰ ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ የወራሾችን ስምምነት ይዞ ከቀረበ ይመዘገብለታል፤ አይጠየቅም። ቀኑ ካለፈ መሣሪያው በመንግሥት ይወረሳል። ከታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ሌላ ነገርም ነበረ፤ ነገር ግን ከኋላው ያለው ሰው "ወንድም፣ እዚሁ ልታድር ነው እንዴ?" ሲለው ላብ በላብ ሆኖ ወጣ።

ለፊርማው ወንድሙን ለመነ። ሾፌሩ "ነገ" አለው፤ "ከነገ ወዲያ" አለው፤ አንድ ቀንማ መኪናውን አሳጠበውና "ደክሞኛል" ብሎ ገባ። በሃያ ስድስተኛው ቀን ግን ራሱ እየሳቀ ጭምቱ የተከራያት ክፍል ድረስ መጣ።

"እፈርምልሃለሁ። ወንድሜ አይደለህ?"

ጭምቱ እንባ አቀረረ።

"ብቻ ይዘሃት ስትገባ እንዳታሳፍረን። እስኪ እያት! ከቆሻሻ የተለቀመች ነው እኮ የምትመስለው። የአባባን ዕቃ እንዲህ ዝጎ መንግሥት ፊት ልታቀርብ? ሙያህ አይደለም እንዴ?"

"እሺ ጋሼ።"

"ጠባሳም ጭረትም እንዳይቀርባት። ምንም! እንደ አዲስ!"

"እሺ ጋሼ።"

በነጋታው ብረት ቤቱ ይዟት ሲገባ ቀለም ቀቢው "ማንን ልትገድል ነው፣ ዝንብ?" ብሎ ሰዉን አሳቀበት። ጭምቱ አጎንብሶ የመወልወያውን ሞተር አስነሳ።

እዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። ያገለገለ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፋው የድሮው ባለቤት ቁጥር ነው። አልጋው ቁጥር ታትሞበት ይመጣል፤ ቁጥሩ ሳይጠፋ ከተወለወለ አለቃው "ይሄ አሁንም የእነሱ ነው!" ብሎ መልሶ ይወረውረዋል። እናም ከሽጉጧ ዝገት ሥር ስድስት ቁጥሮች ብቅ ሲሉ፣ የጭምቱ እጅ ሃያ ሦስት ዓመት ሲያደርግ የኖረውን አደረገ። ዱካቸው እስኪጠፋ ፋቃቸው። ከዚያ በቅባቱ፣ ከዚያ በጨርቁ። ማታ ላይ ፊቱን አየባት።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ሁለቱም ጣቢያ ገቡ። የምዝገባዋ ሃምሳ አለቃ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ወፍራም ሴት ናት። ጭምቱ ጨርቁን ፈትቶ ጠረጴዛዋ ላይ ሲያኖርላት ብድግ አለች።

"ኧረ! ማን ነው እንዲህ ያሳመራት?"

"እኔ ነኝ" አለ። ጆሮው ጋለ። ከሰው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ሴትዮዋ አገላበጠቻት። መነጽሯን አወረደች፤ እንደገና አገላበጠቻት።

"ቁጥሯስ?"

"እሱማ ጠፍቷል። ዱካውም የለም" አለ ጭምቱ፣ ሥራ እንደሚያስረክብ ሰው።

ሃምሳ አለቃዋ ሽጉጧን አስቀመጠች። "ሰውዬ፣ ቁጥር የሌለው መሣሪያ አይመዘገብም። ይወረሳል። ቁጥር ማጥፋት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ማስታወቂያው ላይ አለ።" ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረች። "እርስዎስ አልነገሩትም? ባለፈው ሳምንት መጥተው፣ ቁጥሩ ቢጠፋስ ብለው ጠይቀውኝ ነበር እኮ።"

ሾፌሩ የስምምነቱን ወረቀት ከጠረጴዛው አንስቶ በአራት አጠፈና ኪሱ ከተተው።

"ጠየቅኩ። መጠየቅ ወንጀል ሆነ?"

"ጋሼ… አንተ አይደለህ ምንም እንዳይቀርባት ያልከኝ?"

"ዝገቱን ነዋ! ቁጥር የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል? ተናገር!"

አልወጣም ነበር። ጭምቱ ቢያስብ ቢያስብ ቃሉን ሊያገኘው አልቻለም። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ጆሮው ሥር "ለእኔ ካልሆነች ለአንተም አትሆንም" አለው።

ፖሊሶቹ ቃሉን ተቀብለው ሲጨርሱ አውራ ጣቱን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ጫኑት። ሃያ ሦስት ዓመት ጨርቁ ያለሰለሰው ጣት ነውና መስመር የሌለው ጥቁር ክብ ብቻ አተመ። ደገሙት፤ ያው ነው።

"ራሱንም ወልውሎ ጨርሷል!" አለ ሾፌሩ ከበሩ ላይ። ፖሊሶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱም እየሳቀ ሄደ።

ሃምሳ አለቃዋ ሽጉጧ ላይ መለያ ወረቀት በክር አሰረችና ቁጥር ጻፈችበት። ጭምቱን "ቀበቶህን ፍታ፤ የጫማህንም ክር" አለችው።

እየፈታ ዓይኑ ሽጉጧ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ስታገላብጣት የጣቷ አሻራ ጎኗ ላይ ቀርቷል፤ መስመር መስመሩ ሳይቀር ይታያል። በእጅጌው ሊጠርግላት እጁን ሲዘረጋ በማስመሪያ ጣቱን መታችው።

"አትንካ! ያንተ አይደለችም!"