አባቴ ፍሪሲዮን የያዙ ዕለት

እኔ ትዕግሥት የለኝም። ኋላ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ብዬ ነው ቀድሜ የምናገረው። ዘጠኝ ዓመት ዓረብ አገር የሰው ቤት ሳጸዳ ያለኝን ትዕግሥት ሁሉ ጨርሼው መሰለኝ፣ አገሬ ከገባሁ ወዲህ ትንሽ ነገር ያንጨረጭረኛል። ያን ዓርብ ከፒክአፗ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ የተሳደብኩትን እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ፒክአፗን የገዛኋት ከስደት ስመለስ ነው፤ ያኔም አሮጊት ነበረች። ከገሳይ ድንች እየጫንኩ ደብረ ታቦር ገበያ አራግፍባታለሁ። አባቴ ከመጀመሪያውም አልወደዷትም። ሴት ልጅ ብቻዋን በዚያ መንገድ፣ በዚያ ጉምና ዝናብ፣ መኪናዋ ብትቆምባት ማን ይደርስላታል ነው ነገራቸው። ፈርተውልኝ ነው እንጂ ክፋት የለባቸውም። በመጨረሻ ንስሐ አባታችን ፊት አስቀምጠው ቃል አስገቡኝ፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ካስቀረችኝ ልሸጣት። እኔም አፌ አያርፍ፣ እሺ አልኩ። በእኛ ቤት ደግሞ ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከገሳይ ስመለስ ፍሪሲዮኑ ሥራውን ተወ። ፔዳሉን ብረግጠው እንደ ሊጥ ልስልስ ብሎ ወለሉ ላይ ቀረ፤ ማርሽ አልገባ አለኝ። አንድ የጭነት መኪና ጎትቶ ደጃችን አደረሰኝ። ንስሐ አባታችን ወሬውን እንደሰሙ ገዥ እንዳለና ቅዳሜ ጠዋት ይዘውት እንደሚመጡ ላኩብን። አባቴን ለመንኳቸው። እስከ ዓርብ ማታ በራሷ ከተንቀሳቀሰች እናያለን፣ ካልሆነ ግን ቃልሽ ቃል ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ይቺ ከተሸጠች የምሄድበትን አውቀዋለሁ፤ ተመልሼ ወደዚያው፣ ወደ ሰው ቤት።

ጋራዡ ወረፋው እስከ ሰኞ ነው አለኝ። አምና ሜካኒኩ ይህንኑ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አይቼ ነበርና ራሴ እሠራዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። አባቴ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ብለው ሳቁብኝ።

ዓርብ ጠዋት የፍሪሲዮኑን የታችኛውን ፖምፓ ፈትቼ ጎሚኒ የሚሏትን የተበላች ትንሽ ጎማ ቀየርኩ። ይኸ ቀላሉ ነው። ከባዱ በሥራው መሃል የዘይቱ መስመር ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነው፤ አየር ካለ ፔዳሉ ሁልጊዜ ልስልስ ነው። ለዚህ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ጋቢና ተቀምጦ ፔዳሉን ደጋግሞ ይረግጥና ይይዘዋል። ሌላው ከታች ሆኖ ትንሿን የማስተንፈሻ ብሎን ላላ ሲያደርጋት ዘይቱ ከነአረፋው ፊጭ ይላል። ብሎኗ ተመልሳ እስክትጠብቅ የረገጠው ሰው እግሩን ንቅንቅ ማድረግ የለበትም። ካነሳ፣ የወጣው አየር እዚያው ተመልሶ ይገባል።

ቤት የነበሩት አባቴ ብቻ ናቸው። እሺ ብለው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ከዘራቸውን የተከፈተው በር ላይ አስደግፈው መሪው ፊት ተቀመጡ። ይርገጡ፣ ይያዙ፣ ይልቀቁ እያልኩ አባቴን ማዘዙ መጀመሪያ አፌን ይዞኝ ነበር። ኋላ ለመድኩት።

ረገጡ፣ ያዙ፣ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ለቀቁ። አረፋ። ደገምን፤ አረፋ። ከላይ ዘይት እየጨመርኩ፣ ከታች እየገባሁ አንድ አሥር ጊዜ ሳንመላለስ አልቀረንም። የዘይቱ ጠርሙስ ተጋመሰ፣ አረፋው ግን ልክ እንደ ጠዋቱ ነው። ጎሚኒዋን የሸጠልኝን ሰው ረገምኩት። መኪናዋን የሠራትን ረገምኩት። ከዚያ የምረግመው ሰው አለቀብኝ። አለቀ፣ ተሸጠች አልኩ በልቤ።

ቤታችን ወደ ጋፋት የሚወርደው የእግር መንገድ ዳር ነው። ዓርብ ሲሆን ለነገ ገበያ የሚወጣ የሚወርደው ሰው አያባራም። ከላይ በየደቂቃው አባቴ «ኖር» ሲሉ፣ አላፊውም «በእግዜር» ብሎ ሲመልስ እሰማለሁ። ስሰማው ያደግሁት ነገር ስለሆነ ልብ አላልኩትም። አንድ ጊዜ ግን ብሎኗን ከፍቼ ሳለሁ አንገቴን ባዞር፣ ከጎማው አጠገብ የአባቴ ሁለት ጫማዎች መሬት ረግጠው ቆመዋል። ከጁምዓ ለሚመለሱት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ብድግ ብለው ነበር።

ለካ ለእያንዳንዱ ታላቅ ሰው ሲነሱ ነው የዋሉት። እኔ ከታች ስከፍት እሳቸው ከላይ ፔዳሉን ትተው ይነሳሉ፤ አየሩም እየሳቀ ይገባል።

ተንፏቅቄ ወጣሁ። ንዴቱ እስከ አፌ ደርሶ ነበር፤ እንዲያው የአባት ነገር ሆኖ ዋጥኩት። አየሩን የሚያስገቡት አንቱ ነዎት አልኳቸው። አልገባቸውም። ሰው ቆሞ ሰላም እያለኝ ተዘርፍጬ ልቀመጥ ነው የምትይኝ አሉ። እሳቸው እኮ በልጅነቴ ለሽማግሌ ሳልነሳ ስቀር ጆሮዬን ቆንጥጠው ያስነሱኝ የነበሩ ሰው ናቸው። ብሎኗን አሳየኋቸው፣ ዘይቱን አሳየኋቸው፣ እግር ሲነሳ የሚሆነውን አስረዳኋቸው። ከዚያ «በይ ግቢ» አሉና ወደ ፔዳላቸው ተመለሱ።

ሁለት ጊዜ ሞከርን፤ አረፋው እየሳሳ መጣ። ሦስተኛው ላይ፣ ይያዙ ብዬ ብሎኗን እንደከፈትኩ፣ እንዴት ዋላችሁ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ንስሐ አባታችን ናቸው። አሁንስ በቃ አልኩ። አባቴ ለእሳቸው ታመው አልጋ ላይ ሆነው እንኳ የሚነሱ ሰው ናቸው። ዓይኔን ከጎማው አጠገብ ተክዬ ጫማዎቹን ጠበቅሁ።

ጫማዎቹ አልመጡም።

«ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» አሉ ንስሐ አባታችን።

«ደህና ነኝ አባ። አልነሳም፣ ይፍቱኝ። ልጄ ይያዙ ብላኝ ይዤ ነው።»

ዘይቱ እጄ ላይ ጥርት ብሎ ወረደ፤ አንዲት አረፋ የለበትም። ብሎኗን ጠበቅ አደረግኋት። ይልቀቁ ልል አፌን ስከፍት ንስሐ አባታችን ስለ ገዥው አነሱ፤ ነገ በጠዋት ይዘውት ይምጡ እንደሆነ ጠየቁ። አባቴ መኪናዋ መዳን አለመዳኗን ገና አላወቁም፤ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«አያምጡት» አሉ። «ቃሉን ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ እኔው አንስቼላታለሁ። የምትሠራውን የምታውቅ ልጅ ናት።»

ንስሐ አባታችን ወደ ጋቢናው ጎንበስ ብለው መስቀሉን ሲያስጠጉላቸው፣ አባቴም በተቀመጡበት ሲሳለሙ ሰማሁ። እግዜር ይፍታዎት ብለው ቁልቁል መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔ ከሥር ተኝቻለሁ። የደስታ እንባዬ በሁለት ጆሮዬ ይወርዳል። ይልቀቁ ማለት ነበረብኝ፤ ድምፄ እንቢ አለኝ። ከላይ ፔዳሉ ወለሉ ላይ እንደተረገጠ ነው፤ አንድም ነገር አይንቀሳቀስም።

ብዙ ከቆየን በኋላ አባቴ ቀስ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ እግሬ ደነዘዘ» አሉ። «ልልቀቅ ወይስ ልያዝ?»